ሚዛኑ ሲቆም

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። በ8 ወር 11 ኪሎ ቀንሰሻል። ካለፉት ሁለት ወራት ወዲህ ግን ሚዛኑ ንቅንቅ አላለም። እናትሽ «ወዘናሽ ጠፋ» እያሉ ይጨነቃሉ፣ አንቺ ደግሞ ሞራልሽ ወድቆ «እናንተ እንዴት ነው የምትዘልቁት?» ብለሻል። እኔ ሁለት ዓመት ከሁለት ወር ፈጅቶብኛል። ከ96 ኪሎ ተነስቼ ዛሬ 75 ነኝ። ስለዚህ እኔ ላይ የደረሰውን ልንገርሽ፣ ይረዝማል፣ ታገሺኝ።

ሞራሉ ሳይወድቅ የዘለቀ ሰው እኔ አላየሁም። የኔ ስንት ጊዜ እንደወደቀ አልቆጠርኩትም። ጥያቄው ሞራል በሌለበት ቀን ከቤት የሚያስወጣሽ ምንድን ነው የሚለው ነው። እኔን የምታስወጣኝ ጎረቤቴ ናት። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ደረጃው ሥር ቆማ ትጠብቀኛለች። ከአልጋ መነሳት ባልፈልግም እሷ ብርድ ላይ ቆማ እንዳለች ሳስብ እነሳለሁ። አንድ ሰዓት ያህል በእግራችን እንሄዳለን፣ ቅዳሜ ጊዜ ካለን ደግሞ እንጦጦ ፓርክ እንወጣለን። (እንጦጦ ከፍታው ከ3,000 ሜትር ያልፋል፣ ትንፋሽሽ ቢያጥር አትደንግጪ፣ ቀስ በይ።) ጂምም ከፍዬ ነበር፣ ለኔ አልሆነም። ብቻዬን የምሄድበት ነገር አይቆይልኝም። አንቺም የሚጠብቅሽ ሰው ፈልጊ፣ እህትም ትሁን የሥራ ባልደረባ።

አሁን ወደ ሚዛኑ ልምጣ። እኔም በመጀመሪያው ወር 5 ኪሎ ስቀንስ በዚሁ ሂሳብ በስድስት ወር 30 ኪሎ ይወርዳል ብዬ ነበር። አይወርድም። ምግብ ስንቀንስ ሰውነታችን በመጀመሪያ ጉበትና ጡንቻ ውስጥ ያስቀመጠውን ስኳር ይጠቀማል፣ ያ ስኳር ደግሞ ውሃ ይዞ ነው የሚቀመጠው፣ ስለዚህ መጀመሪያ ላይ በፍጥነት ከሚወርደው ብዙው ውሃ ነው። ስቡ እንደዚያ አይቸኩልም። በሳምንት ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ ከወረደ በጣም ጥሩ ነው፣ በኋላ በኋላ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ይሄን ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ያን ሁሉ ጊዜ ባላለቀስኩ ነበር።

ሌላው ነገር፣ የቀነሰ ሰውነት የሚፈልገው ምግብም ይቀንሳል። 96 ኪሎ ሆኜ ስበላው ያከሳኝ የነበረው ሳህን፣ 84 ስደርስ ባለሁበት የሚያቆየኝ ሆነ። እኔ እዚያች 84 ላይ ሦስት ወር ሙሉ ቆሜያለሁ። ሰውነቴ እምቢ አለ፣ በቃ ተፈጥሮዬ ነው ብዬ ነበር። ከዚያ አንድ ቀን ወጥ ስሠራ ራሴን ተመለከትኩ። ስጀምር ዘይት በሾርባ ማንኪያ እየለካሁ ነበር ቁሌቱ ላይ የምጨምረው። ሳላስበው ወደ ድሮዬ ተመልሼ ከጀሪካኑ በዓይን ግምት እያፈሰስኩ ነበር። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ አለው። ቁሌቱ ላይ፣ ሽሮው ላይ፣ አልጫው ላይ እያልሽ ስትደምሪው ጠዋት በእግርሽ የሄድሽው ሁሉ እዚያው ድስት ውስጥ ይቀራል። ጾም ላይ ደግሞ ይብሳል። በሁዳዴ 55 ቀን ሥጋና ቅቤ ስለማልነካ እከሳለሁ ብዬ ጠብቄ፣ በዘይቱ፣ በዳቦውና በሳምቡሳው ጨምሬ ወጣሁ። ሻይም እንደዚያው ነው። ሦስት ማንኪያ ስኳር በቀን አራት ጊዜ 12 ማንኪያ ማለት ነው፣ ወደ 50 ግራም ይጠጋል። ስኳሩን በአንድ ቀን አልተውኩትም፣ በየወሩ ግማሽ ግማሽ ማንኪያ እየቀነስኩ ነው አሁን ያለ ስኳር የምጠጣው። ስለዚህ ተስፋ ከመቁረጥሽ በፊት አንድ ሳምንት ዘይትሽንና ስኳርሽን ብቻ ለኪ። ሌላ ምንም አትቀይሪ።

የምትመዘኚው የት ነው? እኔ አንዴ ፋርማሲ፣ አንዴ መንገድ ዳር ሚዛን ይዘው የሚቀመጡት ልጆች ጋ እየወጣሁ ራሴን አሰቃይቻለሁ። እያንዳንዱ ሚዛን የራሱን ነው የሚናገረው። በዓል ላይ ጨው የበዛበት ነገር ከበላሽ፣ ወይም የወር አበባሽ ሊመጣ ሲል፣ በማግስቱ አንድ ኪሎ ምናምን ጨምሮ ልታገኚው ትችያለሽ። ውሃ ነው። በአንድ ሚዛን፣ በሳምንት አንድ ቀን፣ ጠዋት ምንም ሳትበዪ ተመዘኚ። በየቀኑ መውጣቱ ለኔ መርዝ ነበር።

ከሚዛኑ ይልቅ እኔን ያቆየኝ የልብስ ሰፊ ሜትር ነው። እዚያች 84 ላይ ቆሜ በነበርኩባቸው ሦስት ወራት ወገቤ 4 ሴንቲ ቀንሷል። ስጀምር 108 ነበር፣ ዛሬ 89 ነው። ለሴት ከ88 በላይ ሲሆን ለልብና ለስኳር በሽታ ያሰጋል ስለሚባል ይቺ አንዲት ሴንቲ ቀርታኛለች። ሌላው መለኪያዬ ደረጃው ነው። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው የምኖረው፣ ሊፍት የለም። ድሮ ሁለተኛው ላይ ስደርስ የስልክ ጥሪ የመጣልኝ መስዬ እቆም ነበር። አሁን ዘምቢሌን ይዤ ሳልቆም እወጣለሁ። የደም ግፊቴም ከነበረበት ወርዷል። አንቺም የቀነስሽውን አሳንሰሽ አትዪው። ከክብደት ላይ ከ5 እስከ 10 በመቶ መቀነስ ለግፊትም ለስኳርም ይጠቅማል ይላሉ ሐኪሞች። መነሻሽ 100 ኪሎ እንኳ ቢሆን 11 ኪሎ ከ10 በመቶ በላይ ነው።

አቋርጬም አውቃለሁ። አንድ ዓመት ፋሲካ ላይ «ለበዓሉ ብቻ» ብዬ ተውኩት፣ በዓሉ አለፈ፣ እኔ ግን ሦስት ወር ቆየሁ። 6 ኪሎ ተመለሰ። ያን ጊዜ በራሴ በጣም ነው የተናደድኩት፣ ንዴቱም ጭራሽ አስበላኝ። የመለሰኝ ውሃ ነው። ሰፈራችን ውሃ ጠፍቶ በ20 ሊትር ጀሪካን ከታች መቅዳት ነበረብን። አንዱን ይዤ ስወጣ በየፎቁ አስቀመጥኩት፣ እጄ ተልጦ ደረስኩ። 20 ሊትር ውሃ 20 ኪሎ ነው። በር ላይ አስቀምጬው አየሁት። እኔ ይሄን ነበር ተኝቼም ቆሜም ተሸክሜ የምውለው፣ ሲሶው ደግሞ ተመልሶ ላዬ ላይ ወጥቷል። በማግስቱ ጎረቤቴን ደወልኩላት። ለምን ጠፋሽ ሳትለኝ «12 ሰዓት?» ነው ያለችኝ።

ስለ እናትሽ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው «አትስሚያቸው» ይልሻል፣ እኔ አልልሽም። የኔ እናት በ1977ቱ ድርቅ ወሎ ውስጥ ነበረች። መክሳት ለእሷ በሽታ ነው፣ ችግር ነው፣ ከዚያም የባሰ ነው። «ከሳሽ» ስትለኝ እየሰደበችኝ ሳይሆን ፈርታ ነው። ይሄን ለመረዳት አንድ ዓመት ፈጀብኝ፣ እስከዚያ ስንጨቃጨቅ ነው የኖርነው። በኋላ ግፊቴን ስለካ ይዣት ሄድኩ። ድሮ ስንት እንደነበረና አሁን ስንት እንደሆነ ነርሷ በራሷ አፍ ነገረቻት። ከዚያ ወዲህ ወጡ ላይ ቅቤ ከመግባቱ በፊት የኔን በትንሽ ድስት ታወጣልኛለች። ጉርሻዋን ግን አልመልስባትም። «በሞቴ» ስትለኝ አንዷን እጎርሳለሁ፣ በአንድ ጉርሻ ማንም አይወፍርም። የሰርግና የለቅሶ ቤት ሰዎች ግን ሌላ ናቸው፣ ለእነሱ ሳህኔን ቀስ እያልኩ ነው የምበላው። ባዶ ካላዩት አይጨምሩብሽም።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። ዘይቱንም ስኳሩንም ለክተሽ፣ እየተንቀሳቀስሽም ሚዛኑም ወገብሽም ንቅንቅ ካላለ፣ በተለይ ድካም፣ ብርድ ብርድ ማለት ወይም የፀጉር መርገፍ ካለብሽ፣ ሐኪም ጋ ሄደሽ ታይሮይድሽን (አንገት ላይ ያለችውን ዕጢ) አስመርመሪ። የምትወስጂው መድኃኒት ካለም ንገሪያቸው፣ ክብደት የሚጨምሩ መድኃኒቶች አሉ። በየመንደሩ የሚሸጠውን የማክሻ ሻይና ኪኒን ግን እባክሽ አትንኪ። ብዙዎቹ ተቅማጥ ነው የሚያስይዙት፣ የሚወጣው ውሃ ነው፣ ውስጡ ምን እንዳለም አይታወቅም።

ዛሬ ማታ ወገብሽን በእምብርትሽ ልክ ለክተሽ ቀኑን ጨምረሽ ጻፊው። በአራተኛው ሳምንት እንደገና ለኪና እዚሁ ንገሪኝ። እጠብቅሻለሁ።