ከኢንተርቪው በፊት ስልካችን ላይ የምናየው

ልጆች፣ ሰው መቅጠር ከጀመርኩ ሃያ ዓመት አልፎኛል። ሥራዬ ሁሉ አዲስ አበባ ነው፣ የሰው ኃይል ክፍል። ዛሬ የምነግራችሁ ማስታወቂያ ላይ የማይጻፍ፣ ኢንተርቪው ላይም ማንም የማያነሳላችሁ ነገር ነው።

ሲቪ ተጣርቶ አምስት ስድስት ሰው ሲቀር፣ ከመጥራታችን በፊት ስማችሁን ፌስቡክ ላይ እንፈልጋለን። ቲክቶክም ይታያል። ለቴሌግራም ደግሞ ብዙ ድካም የለውም፤ ካልደበቃችሁት በቀር፣ ሲቪያችሁ ላይ ያለውን ስልክ ሴቭ ስናደርግ ፎቷችሁ ይመጣል። ይህን አድርጉ የሚል መመሪያ ደርሶኝ አያውቅም። ግን ይደረጋል፤ እኔም አድርጌዋለሁ።

ብዙዎቻችሁ የምትሰጉት በመዝናኛ ፎቶ ነው። ቢራ ይዞ የተነሳው ፎቶ ሰው ሲያስቀር አላየሁም። ያስቀረ ያየሁት አፍ ነው። በብሔር የሚሳደብ ኮሜንት፣ የድሮ አለቃን ስም ጠርቶ ማዋረድ፣ የደንበኛን ጉዳይ ስክሪን ሾት አንስቶ መለጠፍ። ባንክ የሚቀጥር ሰው ይህን የመጨረሻውን ካየ ሌላ ጥያቄ የለውም።

አንድ ልጅ አለ፣ ከአእምሮዬ የማይጠፋ። ለሒሳብ ሥራ አመልክቶ የጽሑፍ ፈተናውን አንደኛ ወጣ። በ2015 ነው። ሊጠራ ሲል አንድ ባልደረባችን ስልኩን አወጣና በ2008 የተጻፈ ኮሜንት አሳየን። አስቀያሚ ነበር፣ አልክድም። ግን ያኔ ልጁ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነው፣ አገሩ ሁሉ ፌስቡክ ላይ እሳት በሚተፋበት ጊዜ አዋቂ የሚጽፈውን እያየ የጻፈ የ16 ዓመት ልጅ። ስሙ ተሰረዘ። እኔም እዚያው ተቀምጬ ዝም አልኩ። ሁለት ጊዜ ደውሎ ውጤቱን ጠየቀ፤ «እንደውላለን» ተባለ። ለምን እንደቀረ እስከ ዛሬ የነገረው የለም።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ ቁጥር 1156/2011፣ በፖለቲካ አመለካከትና በሃይማኖት ልዩነት ማድረግን ይከለክላል። ጥሩ ነው። ግን ምክንያቱን ካልነገሩህ በምን ታስረዳለህ?

ሌላው የስም ነገር ነው። በእኛ አገር ስም ከነአባት የሚገጥም ሰው ስንት ነው! አንዴ ልንሰርዛት የደረስን ልጅ፣ ያየነው ገጽ የሌላ ሰው ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ፕሮፋይላችሁ ላይ አበባና አንበሳ አታድርጉ፣ የራሳችሁን ፊት አድርጉ።

ውጭ የምታስቡም አላችሁ። ለአሜሪካ ቪዛ፣ ዲቪም ጭምር፣ ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባለፉት 5 ዓመታት የተጠቀማችሁባቸውን የሶሻል ሚዲያ ስሞች ቅጹ ላይ ትሞላላችሁ። አካውንት አጥፍቶ «የለኝም» ብሎ መሙላት ከድሮው ኮሜንት የባሰ ጣጣ ያመጣል።

ስማችሁን በአማርኛም በእንግሊዝኛ ፊደልም ፈልጉት። ፌስቡክ ላይ አክቲቪቲ ሎግ የሚባለው ውስጥ ግቡ፣ የረሳችሁት ኮሜንት ሁሉ በየዓመቱ ተቀምጦ ታገኙታላችሁ። የሚያሳፍራችሁን አጥፉ። ስክሪን ሾት የተነሳውን ግን ማጥፋት አይቻልም፤ እሱን የሚጠይቃችሁ ሰው ካለ አትካዱ። «እኔ ነኝ የጻፍኩት፣ ልጅ ነበርኩ፣ ዛሬ እንዲህ አላስብም» በሉ። እኔ ይህን ብሎኝ የጣልኩት ሰው የለም።

ከዚያ ልጅ ወዲህ አመልካቹን ራሱን ሳልጠይቅ ሰው አልሰርዝም። ሁሉም መሥሪያ ቤት ግን ደውሎ አይጠይቅም። እባካችሁ ዛሬ ማታ ስልካችሁን ክፈቱና ከ2008 ጀምሩ።