ሳዑዲ ያለ ሰው ቤት፣ ወንድሙ የያዘው ውክልና

ጥያቄ፦ እኔና ባለቤቴ ልጆቻችንን ለማስተማር ከደላንታ ወደ ደሴ ልንገባ ነው። ጦሳ በኩል ዳገቱ ላይ የሚሸጥ ቤት አግኝተናል። ባለቤቱ ሳዑዲ ነው፤ የሚሸጥልን ወንድሙ ነው፣ ውክልና አለኝ ይላል። የካርታውን ፎቶ ኮፒ አሳይቶናል። ደላላው ደግሞ «ሌላ ገዢ መጥቷል፣ እስከ ዓርብ 300 ሺህ ብር ቀብድ ካልሰጣችሁ ቤቱ ይሄድባችኋል» እያለ ያጣድፈናል። ምን ይሻለናል?

መልስ፦ እህቴ፣ ዓርብ ምንም ብር አይስጡ። ቤቱ ቢያመልጥዎ ሌላ ይገኛል። የለፉበት ገንዘብ ግን አንዴ ከእጅ ከወጣ፣ ለማስመለስ የፍርድ ቤት ደጃፍ ብዙ ያስጠናል።

ዋናው ጉዳይዎ ውክልናው ነው። ፎቶ ኮፒ ሳይሆን ዋናውን ያስመጡና ቃል በቃል ያንብቡት። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 2205 የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል ይላል። «ንብረቴን ያስተዳድርልኝ፣ ያከራይልኝ፣ በፍርድ ቤት ይከራከርልኝ» የሚል ወረቀት ብቻ ከሆነ፣ ወንድምየው ቤቱን ሊሸጥልዎ አይችልም። መሸጥ፣ የሽያጭ ውል መፈረምና የሽያጩን ገንዘብ መቀበል ተለይተው መጻፍ አለባቸው። ገንዘብ መቀበል የሚለውን በተለይ ይፈልጉ። ብዙ ሰው እሱን ያልፈዋል።

ውክልናው እዚያው ሳዑዲ የተሰጠ ከሆነ በኤምባሲያችን ወይም በጅዳው ቆንስላ በኩል ያለፈ፣ እዚህም በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የተረጋገጠ መሆን አለበት። ይህም ሆኖ ወካዩ በፈለገ ጊዜ ውክልናውን መሻር ይችላል። ወካዩ ከሞተም ውክልናው በመርህ ደረጃ ያበቃል። ስለዚህ ወረቀቱ ዛሬም የጸና መሆኑን ውልና ማስረጃ ሄደው ያጣሩ። ባለቤቱንም በቪዲዮ ደውለው ያነጋግሩት። ዋጋውን ከራሱ አፍ ይስሙ። ወንድምየው ይህን ካልፈለገ እዚያው ያቁሙት።

ቀጥሎ ሰውየው ሚስት አለችው ወይ ብለው ይጠይቁ። የጋራ የሆነ ቤት ያለ ሁለቱም ተጋቢዎች ስምምነት አይሸጥም። ትዳሩ በማዘጋጃ ይሁን በኒካህ ለውጥ የለውም። በትዳር ውስጥ የተገኘ ንብረት ደግሞ የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። ሚስትየው ካልፈረመች ወይም ካልወከለች በኋላ ሽያጩ ይፍረስልኝ ብላ መክሰስ ትችላለች። ወንድምየው «አላገባም» ካለም የጽሑፍ ማስረጃ ያምጣ፤ እርስዎም የሰፈሩን ሰው ይጠይቁ። የእናንተም ካርታ ሲወጣ በሁለታችሁ ስም ቢሆን ደስ ይለኛል።

ካርታውን በተመለከተ ከሻጩ ጋር የከተማው መሬት ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ ከዋናው ማህደር ጋር አስተያዩት። ከዕዳና ከእገዳ ነፃ መሆኑም በጽሑፍ ይምጣ። ቤቱ በባንክ ከተያዘ መያዣው ቤቱን ተከትሎ ወደ እናንተ ይመጣል። ባንክ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ፍርድ ቤት ሳይሄድ በሐራጅ መሸጥ ይችላል። ይዞታው ነባር ነው ወይስ ሊዝ? ሊዝ ከሆነ ያልተከፈለው ስንት እንደሆነና ማን እንደሚከፍለው ውሉ ላይ ይግባ። ዋጋው ረከሰ ብላችሁ ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ዳር ከገበሬ መሬት ወይም ጨረቃ ቤት ለመግዛት አታስቡ። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ በሕገ መንግሥቱ አይሸጥም።

አሁን ወደ ውሉ። ሠፈር ውስጥ ሦስት ምስክር ጠርቶ መፈራረም አይበቃም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1723 የቤት ሽያጭ ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውልና ማስረጃ ፊት እንዲደረግ ያዛል። የፌዴራል ሰበር ችሎትም በመዝገብ ቁጥር 21448 ይህንኑ አጥብቋል። በኋላ በመጡ ውሳኔዎች ሻጩ ውሉን ካልካደ አለመመዝገቡ ብቻ እንደማያፈርሰው ተነግሯል። ግን ሻጩ ነገ አይክድም ብሎ ማን ይማልልዎታል?

ግብር ለመቀነስ ተብሎ ዋጋው ዝቅ ተደርጎ ሲጻፍ አያለሁ። ደላሎች «ሁሉም እንዲህ ነው የሚያደርገው» ይሏችኋል። እባካችሁ እሺ አትበሉ፤ ሕገወጥም ነው። 4 ሚሊዮን ከፍላችሁ ውሉ ላይ 1 ሚሊዮን ከሰፈረ፣ ሽያጩ ቢፈርስ በእጃችሁ ያለው ማስረጃ የ1 ሚሊዮን ነው። ፍርድ ቤት የሚያምነው የተጻፈውን ነው። ክፍያው በባንክ፣ በባለቤቱ ስም ሒሳብ ይሁን። የመጨረሻው ክፍያ ደግሞ ስሙ ወደ እናንተ ሲዛወር ይከፈል። ቀብድ የምትሰጡት ይህ ሁሉ ከተጣራ በኋላ ነው፤ ያኔም «ቀብድ» ተብሎ በጽሑፍ። ሻጩ ውሉን ካፈረሰ የቀብዱን እጥፍ መመለስ አለበት።

ዳገቱንም አትርሱ። ደሴ የመሬት መንሸራተት የሚያሰጋት ከተማ ናት። አንድ መሐንዲስ ይዛችሁ የድጋፍ ግንቡን፣ የግድግዳውን ስንጥቅና የጎርፉን መውረጃ እዩ። በዓይን የሚታይ ጉድለትን አይቶ የገዛ ሰው በኋላ ሻጩን መጠየቅ ይከብደዋል።

ከመነሳታችሁ በፊት ከደላንታ መሸኛ አውጡ፤ አዲሱ ቀበሌ ይጠይቃችኋል። ቤቱ ውስጥ ተከራይ ካለ የሚለቅበት ቀን ውሉ ላይ ይጻፍ። የመብራትና የውሃ ቆጣሪው በማን ስም እንደሆነ፣ ያልተከፈለ ሒሳብ መኖር አለመኖሩንም ቁልፍ ከመረከባችሁ በፊት አጣሩ።