እናታችሁን እንደ ሰው ጻፏት

ውድ ወጣቶች፣

ዕድሜዬን የፈጀሁት የሰው ጽሑፍ በማረም ነው። አርታኢ ነበርኩ፤ አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። አርታኢ የሆነ ሰው ከደመወዝ ሥራው ውጪ የማይቀርለት አንድ ሥራ አለ። የወዳጅ እናት ባረፈች ቁጥር ስልኩ ይጮኻል። "የሕይወት ታሪኳን እስቲ አየት አድርግልኝ" ይባላል። ቀብሩ ነገ ነው፤ ጽሑፉ ዛሬ ማታ መድረስ አለበት። እንዲህ ያለ ነገር ደግሞ እምቢ አይባልም።

ብዙ እናቶች በዚህ መንገድ በእጄ አልፈዋል። የሚያሳዝነኝ አንዷን ከሌላዋ መለየት አለመቻሌ ነው። ስሙንና ዓመተ ምሕረቱን ሸፈን ብታደርጉት ሁሉም አንዲት ሴት ናቸው። እግዚአብሔርን የምትፈራ፣ ለድሃ የምትራራ፣ ልጆቿን በሥነ ምግባር ያሳደገች፣ ከቤተ ክርስቲያን የማትለይ። ውሸት ነው አልልም። እውነት ነው፤ ግን ማንንም አያሳይም። ያን ሁሉ ቤተሰብ ደግፋ የያዘች ሴት በአራት በአምስት ቅጽል ትሸኛለች። የልጅ ልጆቿ ወረቀቱን አንድ ቀን መሳቢያ ውስጥ ቢያገኙት ስለ እሷ አንዲት አዲስ ነገር አያውቁበትም።

የምጽፍላችሁ ስለዚህ ነው። እናታችሁ ወይም አያታችሁ አማኝ ሴት ከሆነች፣ ቤተሰቡም በእሷ የቆመ ከሆነ፣ ታሪኳን የሚጽፈው ከእናንተ አንዱ ነው። እንዴት እንደሚጻፍ ለማሳየት ደግሞ ከሞተች 1600 ዓመት ያለፋትን አንዲት እናት መርጫለሁ። የታላቁን የቤተ ክርስቲያን መምህር የአውግስጢኖስን እናት፣ ሞኒካን።

ብዙዎቻችሁ የምታውቋት በእንባዋ ነው። ለጠፋ ልጇ ዓመታት ያለቀሰች እናት ተብላ ስንት ስብከት ተሰብኮባታል። እኔ የምወዳት ግን ልጇ በደንብ ስለጻፋት ነው። የሙያ ነገር ሆኖብኝ ይሆናል።

ሞኒካ የተወለደችው እ.ኤ.አ. በ331 ወይም በ332 ገደማ ነው። አገሯ ሰሜን አፍሪካ፣ ከተማዋ ታጋስቴ፤ ዛሬ አልጄሪያ ውስጥ ሱቅ አህራስ የምትባለው ናት። አውግስጢኖስ ስለ እሷ ሰፋ አድርጎ የተረከው "ኑዛዜ" በተባለው መጽሐፉ ዘጠነኛ ክፍል ላይ ነው። ሲጽፈው እሷ ካረፈች ዐሥር ዓመት ገደማ ሆኗታል፤ እሱም ጳጳስ ሆኗል። ታዲያ ጳጳሱ የእናቱን ታሪክ ከየት ይጀምራል? ወይን ትሰርቅ ከነበረበት ጊዜ።

አልቀለድኩም። ሞኒካን ያሳደገቻት አንዲት ጥብቅ አሮጊት አገልጋይ ነበረች። ልጃገረዶቹን ከምግብ ሰዓት ውጪ ውሃ እንኳ እንዲጠጡ አትፈቅድላቸውም። ነገ ባል አግብተው የጓዳውን ቁልፍ ሲይዙ በውሃው ፈንታ ወይን ይለምዳሉ ብላ ትፈራለች። ፍርሃቷ መና አልቀረም። ሞኒካ ከበርሜል ወይን ቅጂ ተብላ ስትላክ ጠብታ ታህል ትቀምሳለች። በልጅነት ቅብጠት እንጂ ሱስ ኖሯት አልነበረም። ጠብታው ግን እያደገ ሙሉ ዋንጫ ደረሰ። አንድ ቀን አብራት ጓዳ የምትገባው ገረድ ተጣላቻትና "ሰካራም" ብላ ሰደበቻት። ሞኒካ ስድቡ ልክ ገባላት። በዚያው ተወችው።

ይህን አንቀጽ ለቀብር በሚነበብ ጽሑፍ ውስጥ ብታስገቡት ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። ታላቅ አክስታችሁ ናት መጀመሪያ የምታሰርዘው። ግን ልብ በሉ። "ትሑት ነበረች" ብሎ ቢያልፍ ኖሮ አናምነውም ነበር፤ ብናምነውም አናስታውሰውም። ከገረድ አፍ የወጣ ስድብ ሰምታ ራሷን ያረመች ልጅ ስናይ ግን ማንነቷ ይገባናል። በኋላ የምታደርገው ሁሉ ከዚህ ይጀምራል።

ባሏ ፓትሪክዮስ ክርስቲያን አልነበረም። ደግነት ነበረው፤ ግን ቁጡ ነው፣ ለትዳሩም ታማኝ አልነበረም። አውግስጢኖስ ይህን ሁሉ አልደበቀም። ሞኒካ ባሏ ሲቆጣ አትመልስለትም። ሲበርድለት ጠብቃ ነገሩን ታስረዳዋለች። ፊታቸው የበለዘ ጎረቤቶቿ እንዴት አንቺን አይመታሽም እያሉ ይጠይቋት ነበር። እሷም ቀልድ ቢጤ ጨምራ የጋብቻ ውል የተነበበላችሁ ቀን ባሪያ እንደሆናችሁ ቁጠሩት ትላቸዋለች። እዚህ ላይ ጣልቃ ልግባ። ሴቶች ልጆቼ፣ ይህን ምክር ብላችሁ እንዳትወስዱት። የዘመኑ ሕግ ሚስትን እንዴት ያይ እንደነበር የሚያሳይ ነው እንጂ ለሚደበድብ ባል ዝም በሉ የሚል ትእዛዝ አይደለም። የእምነት ሰዎች ነን የሚሉ አንዳንዶች ለዚህ ሲጠቅሱት ሰምቼ ደሜ ፈልቷል። ፓትሪክዮስ በኋላ አምኖ ተጠምቋል፤ የሞተው አውግስጢኖስ ገና ወጣት ሳለ ነው።

እኔን ከሁሉ የነካኝ ጠባይዋ ሌላ ነው። የተጣሉ ሰዎች ሁለቱም ወደ እሷ ይመጣሉ። አንዱ ስለ ሌላው የሆዱን መራራ ሁሉ ይዘረግፍላታል። እሷ ግን ከአንዱ ወደ ሌላው የምታደርሰው የሚያስታርቀውን ብቻ ነው። አውግስጢኖስ ራሱ ይህ ትንሽ ነገር ሊመስለኝ ይችል ነበር ይላል፤ ግን የተባለውን ብቻ ሳይሆን ያልተባለውንም ጨምረው የሚያመላልሱ ስፍር ቁጥር የሌላቸው ሰዎች አይቻለሁ ይላል። የቤተሰብ ግሩፕ ያላችሁ ይህ ይገባችኋል። ስክሪንሾት የሚያባላው ስንት ቤት አለ! እናታችሁ ምን ሰምታ ምን እንዳላስተላለፈች ብትጠይቋት፣ እውነቱን ከነገረቻችሁ፣ ቤተሰቡን በምን ጠግና እንደያዘችው ታያላችሁ። ይህ ዓይነቱ ውለታ ምልክት ስለማይተው ማንም አይጽፈውም።

ወደ ልጇ እንምጣ። አውግስጢኖስ ካርቴጅ ወደምትባል የሰሜን አፍሪካ ከተማ ሄዶ ሲማር የማኒን ትምህርት ተቀበለ፤ ማኒ የሚባል ሰው የመሠረተው፣ ብርሃንና ጨለማ ሁለት ተቃራኒ ኃይሎች ናቸው የሚል፣ ቤተ ክርስቲያን ኑፋቄ ያለችው ትምህርት ነው። ዓመታት ቆየበት። እናቱ ከእሱ ጋር በአንድ ማዕድ መቀመጥን ተወች። ኋላ በሕልሟ ራሷን በእንጨት መለኪያ ላይ ቆማ አየች፤ ልጇም አብሯት ቆሟል። ስለዚህ እንደገና ማዕዷን አጋራችው። ሕልሙን ስትነግረው ብልጡ ልጅ ሊያዞረው ሞከረ፤ አንቺ ወደ እኔ ትመጫለሽ ማለት ነው አላት። አፍታ ሳትቆይ መለሰችለት። እሱ ባለበት አንቺ ትሆኛለሽ አልተባልኩም፤ አንቺ ባለሽበት እሱ ይሆናል ነው የተባልኩት አለችው። የንግግር መምህር የነበረው ልጅ ከሕልሙ ይልቅ የመልሱ ፍጥነት እንደገረመው ጽፏል። ደስ የምትል ሴት ናት።

እንባዋን በተመለከተም የተጻፈው ያልተቀባባ ነው። ቀድሞ ራሱ በማኒ ትምህርት ያለፈ አንድ ጳጳስ ዘንድ ሄዳ ልጄን አነጋግርልኝ ብላ ለመነችው። አሁን አይሰማኝም፣ ተዪው፣ ጸልዪለት አላት። አልተወችውም፤ እያለቀሰች ነተረከችው። ጳጳሱ ሰለቸው። በመሰልቸት ነው ያን ዝነኛ ቃል የተናገረው፤ የዚህ ሁሉ እንባ ልጅ ሊጠፋ አይችልም ሂጂ አላት። በስብከት ሲነገር መሰልቸቱ ሁሌም ይቀራል። ሲቀር ታሪኩ ይደበዝዛል።

እ.ኤ.አ. በ383 አውግስጢኖስ ወደ ሮም ሊሄድ ተነሣ። እናቱ እስከ ወደቡ ድረስ ተከተለችው፤ ወይ አትሂድ፣ ወይ ይዘኸኝ ሂድ። ጓደኛዬን ልሸኝ ነው ብሎ ዋሻት። እሷ በቅዱስ ቆጵርያኖስ መታሰቢያ ቦታ ስትጸልይ ስታለቅስ አደረች። ሲነጋ መርከቡ የለም። አሁን ማንኛችንም ብንሆን እዚህ ላይ ተስፋ ቆርጠን ቤታችን እንገባ ነበር። ሞኒካ ባሕር ተሻግራ እ.ኤ.አ. በ385 ገደማ ሚላኖ ድረስ ሄደችበት። በጉዞው ማዕበል ሲነሣ መርከበኞቹን ያጽናናቻቸው እሷ ነበረች።

ሚላኖ ውስጥ የሆነችውን በተለይ አያቶቻችሁን "አይለወጡም" ለምትሉት እነግራችኋለሁ። በአገሯ ልማድ በሰማዕታት መታሰቢያ ገንፎ፣ ዳቦና ወይን ይዞ መሄድ ነበር። ሚላኖም እንደለመደችው ይዛ ሄደች። በር ጠባቂው ከለከላት፤ ጳጳሱ አምብሮስዮስ አግዶታል አላት። ዕድሜ ልኳን የኖረችበትን ልማድ ያለ ክርክር ተወች። ልጇ ግን እዚህም አልቀባባላትም። ከልካዩ እንደ አምብሮስዮስ የምትወደው ሰው ባይሆን ኖሮ እንዲህ በቀላሉ ባልተወችው ብሎ ጨመረ። እናቱን የሚያውቅ ልጅ የሚጽፈው እንዲህ ነው።

ከባዱንም አልሸሸገውም። አውግስጢኖስ ሳያገባት ለዓመታት አብሯት የኖረች፣ አዴዎዳጦስ የሚባል ልጅ የወለደችለት ሴት ነበረች። ሞኒካ በብርቱ የደከመችው ልጇን ለማዕረጉ የሚመጥን ጋብቻ እንዲያገባ ነው። የታጨችለት ልጅ ለጋብቻ ዕድሜ ገና ሁለት ዓመት ያህል ይቀራት ነበር። አብራው የኖረችው ሴት፣ ልጇን አዴዎዳጦስን ትታ፣ ወደ አፍሪካ ተመለሰች። ልቤ እንደቆሰለ ደማ ይላል አውግስጢኖስ። ሞኒካ ቅድስት ናት ብለን ይህን ብንዘለው የሁለት ሴቶችን ታሪክ በአንድ ጊዜ እናበላሻለን። አማኝ እናት ለልጇ ስትመኝ መንግሥተ ሰማይንና ጥሩ ዕድገትን አንድ ላይ ትመኛለች። እኔ ይህን አውቃለሁ፤ እናንተም ታውቃላችሁ።

አውግስጢኖስ እ.ኤ.አ. በ386 ልቡ ከተመለሰ በኋላ ከሚላኖ ወጣ ብላ በምትገኝ ካሲኪያኩም በምትባል ቦታ ከወዳጆቹ ጋር ተቀመጠ። ቀን ቀን ስለ ደስተኛ ሕይወት፣ ስለ ሥርዓት ይወያያሉ፤ የሚባለውን የሚይዝ ጸሐፊ አለ። ሞኒካ ገብታ የደረሳችሁት የት ነው ብላ ጠየቀች። ልጇ ጥያቄዋ ይጻፍ አለ። እሷ ተቃወመች፤ በምታነቧቸው መጻሕፍት ሴት እንዲህ ባለ ክርክር ስትገባ ሰምቼ አላውቅም አለች። ተጻፈ። በዚህም ምክንያት ዛሬ ሞኒካ ስትከራከር እንሰማታለን። እናንተ ጸሐፊ መቅጠር አያስፈልጋችሁም፤ ስልካችሁ ድምፅ ይቀዳል። እናታችሁ "እኔ ምን አውቃለሁ፣ ተወኝ" ትላለች። ሞኒካም ብላለች። ቅዱ።

ስትቀዱ ደግሞ "ሕይወትሽን ንገሪኝ" አትበሏት። እንዲህ ከተባለች ለምስክርነት እንደተጠራ ሰው ትደርቃለች። የትኛውን ጸሎት ማን አስተማረሽ በሏት። ለማን ስትጸልዪ ሳይሳካ ቀረ? ከቤተ ክርስቲያን ተቆጥተሽ የተመለስሽበት ቀን አለ? ለአባታችን ምን ሳትነግሪው ቀረሽ? የመጨረሻውን ለመመለስ ትስቃለች፤ ሳቁንም ቅዱት።

ሞኒካ ልጇ እ.ኤ.አ. በ387 በፋሲካ ሌሊት በአምብሮስዮስ እጅ ሲጠመቅ አየች። ወደ አፍሪካ ሊመለሱ ኦስቲያ ወደብ ላይ መርከብ ሲጠብቁ ትኩሳት ያዛት። ሌላው ልጇ ናቪጊዎስ በሰው አገር ባትሞቺ ይሻል ነበር ቢላት ገሠጸችው። ለዓመታት ከባሏ ጎን የምትቀበርበትን ስፍራ አዘጋጅታ የምትጨነቅ ሴት ነበረች። አሁን ግን ይህን ሥጋ የትም ቅበሩት፤ የትም ብትሆኑ በጌታ መሠዊያ ፊት አስቡኝ አለች። በ56ኛ ዓመቷ አረፈች። ልጅ ልጇ አዴዎዳጦስ ጮኾ አለቀሰ፤ ዝም አሰኙት። አውግስጢኖስ እንባውን ያዘ። ሐዘኑን ያስወጣልኛል ብሎ ገላውን ታጠበ፤ ምንም አልረዳውም። ተኝቶ ከነቃ በኋላ ነው ያለቀሰላት።

ለመቃብሯ የተቀረጸ ጽሑፍ ነበር። ድንጋዩ ተሰብሮ ጠፋ፤ እ.ኤ.አ. በ1945 ኦስቲያ ውስጥ ልጆች ለጨዋታ እንጨት ሊተክሉ ሲቆፍሩ ስባሪው ተገኘ። አሜሪካ ውስጥ በስሟ የሚጠራ የባሕር ዳር ከተማ አለ። ከዚያ ከተማ ሰዎች ውስጥ ወይን ስለሰረቀችዋ ልጅ የሰማ ስንት እንዳለ እንጃ።

አሁን አንድ የአርታኢ ቅሬታ አለኝ። አውግስጢኖስ በዚያ ሁሉ መጽሐፍ እናቱን በስሟ የጠራት አንዴ ብቻ ነው፤ በታሪኳ መጨረሻ ላይ፣ አንባቢዎቹ እሷንና ፓትሪክዮስን በጸሎት እንዲያስቧቸው ሲለምን። ያቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ባትኖር "እናቴ" ሆና ትቀር ነበር። እህት ነበረችው፤ ስሟን አልጻፈውም። የአዴዎዳጦስን እናትም ስሟን አልጻፈውም። ስለዚህ ስትጽፉ ስም ጻፉ። የእናታችሁን የልጅነት ስም፣ የክርስትና ስሟን፣ የእናቷን፣ ያሳደገቻትን፣ የተጣላቻትን ጎረቤት። የሚያስከፋ ነገር ያለበትን ሰው በሕይወት ካለ አስፈቅዱ፤ እምቢ ካለ ለቤት ብቻ አስቀምጡት።

ረቂቁን ስትጨርሱ ለዚያች ለታላቅ አክስታችሁ አንብቡላት። "ይህን አውጡ" የምትላችሁ ቦታ ላይ ቶሎ አትሰርዙ። መጀመሪያ ለምን እንደሚወጣ ጠይቋት፣ ስልካችሁንም ክፍት አድርጉት።