ምስጢር የማያወጣ ማረጋገጫ

ጥያቄ፦ የኮምፒውተር ሳይንስ አስተምራለሁ። አንድ ሰው ምስጢሩን ሳይናገር፣ ምስጢሩ በእጁ እንዳለ ብቻ የሚያሳምንበት የክሪፕቶግራፊ (የምስጢር አጠባበቅ ጥናት) ዘዴ አለ። ተማሪዎቼ «የዜሮ ዕውቀት ማስረጃ» ይሉታል። አማርኛው ያስኬዳል?

መልስ፦ እኔን አያስኬደኝም። በተለይ «ማስረጃ» እዚህ ቦታው አይደለም። ቃሉ የወጣው «አስረዳ» ከሚለው ግስ ነው። ማስረጃ ያቀረበ ሰው ነገሩን ያስረዳል፤ ሰሚውም ይረዳል። ይህ ዘዴ ግን የተፈለገው ሳያስረዱ ለማሳመን ነው።

በኳስ እንየው። ጓደኛዎ ቀይና አረንጓዴ መለየት አይችልም እንበል። በቀለም ብቻ የሚለያዩ ሁለት ኳሶች ይሰጡታል፤ አንዱ ቀይ፣ አንዱ አረንጓዴ። ከጀርባው ይደብቃቸዋል። ሲፈልግ ያቀያይራቸዋል፣ ሳይፈልግ እንዳሉ ይተዋቸዋል። ከዚያ አውጥቶ «ቀይሬያቸዋለሁ?» ይልዎታል። እርስዎ ቀለማቸውን አይተው ይመልሳሉ። አንዴ በግምት ሊያገኙት ይችላሉ፤ ዕድልዎ ግማሽ ነው። 20 ጊዜ በተከታታይ በግምት የማግኘት ዕድል ግን ከሚሊዮን አንድ እንኳ አይሞላም። ጓደኛዎ ኳሶቹ እንደሚለያዩ ያምናል። ቀዩ የትኛው እንደሆነ ግን አሁንም አያውቅም። ደግሞ ሌላ ሰው ማሳመን አይችልም። ያደረጋችሁትን በቪዲዮ ቢቀርጸው እንኳ «ተመካክራችሁ ነው» ለሚለው ሰው መልስ የለውም። ታዲያ ለሦስተኛ ሰው የማይቀርብ ነገር እንዴት ማስረጃ ይባላል?

«ዜሮ ዕውቀት»ም ያሳስታል። «ዕውቀቱ ዜሮ ነው» ሲባል አማርኛ አንባቢ የሚገባው ድንቁርና ነው። እዚህ ግን ባለምስጢሩ ጠንቅቆ ያውቃል። ዜሮ የሆነው፣ ነገሩ እውነት ከመሆኑ በቀር ወደ መርማሪው፣ ማለትም እንደ ጓደኛዎ ማረጋገጫ ወደሚፈልገው ሰው፣ የሚያልፈው ዕውቀት ነው። የኮምፒውተር ሳይንስ ተመራማሪዎቹ ሻፊ ጎልድዋሰር፣ ሲልቪዮ ሚካሊና ቻርልስ ራኮፍ በ1985 እ.ኤ.አ. ሐሳቡን ሲያቀርቡ መጠኑን ሊለኩ የፈለጉትም ይህንኑ የሚያልፈውን ነበር።

እኔ «ምስጢር የማያወጣ ማረጋገጫ» ብል እመርጣለሁ። «እሱ ምስጢር አያወጣም» የሚለውን የማያውቅ አማርኛ ተናጋሪ የለምና ማብራሪያ አይፈልግም። ግስ ሲያስፈልግዎ «ምስጢር ሳያወጡ ማረጋገጥ» ይበሉ።

አንድ ነገር ግን ይጠንቀቁ። «አረጋገጠ» ለሁለቱም ወገን ይሆናል። የሚለያቸው «ለ» ናት፦ ባለምስጢሩ አረጋገጠለት፤ መርማሪው አረጋገጠ። ተማሪዎችዎ ይህቺን «ለ» ከጣሏት ማን ማንን እንዳሳመነ አይታወቅም።