«ባህላዊ መልክዓ ምድር» ማለት ያስኬዳል?

ጥያቄ፦ «ጌዴኦ በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ በዜና ላይ ‹የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር› ሲባል ሰማሁ። ግራ ገባኝ። ልብስ ባህላዊ ይሆናል፣ ጭፈራም እንደዚያው። ተራራና ሸለቆ ግን ሰው የሠራቸው አይደሉም። ታዲያ እንዴት ባህላዊ ይባላሉ? ደግሞ እኔ የተማርኩት መልክዓ ምድር ማለት ጂኦግራፊ ነው ተብዬ ነው። የቱ ነው ትክክል? ‹መልካ ምድር› ብለው የሚጽፉም አይቻለሁ።»

መልስ፦ ሦስት ነገር ነው የጠየቁኝ። ሦስቱም የሚዞሩት ግን በአንዲት ቃል ዙሪያ ነው፤ በ«መልክ»። ከእሷ ልጀምር።

ቃሉ ግእዝ ነው። «መልክዕ» ማለት መልክ፣ ቅርጽ፣ ገጽታ ነው። ከ«ምድር» ጋር ሲናበብ «መልክዐ ምድር» ይሆናል፤ የምድር መልክ ማለት ነው። መልክዐ ማርያም፣ መልክዐ ኢየሱስ የሚባሉትን የግእዝ ድርሰቶች ሰምተው ይሆናል። ቃሉ ያው ነው። እነዚህ ድርሰቶች የአካልን ክፍሎች በየተራ እየጠሩ ሰላምታ ያቀርባሉ። ከራስ ጠጉር ይነሡና ወደ ዐይን፣ ወደ ከንፈር፣ ወደ እጅ እያሉ እስከ እግር ይወርዳሉ።

እኔን ሁሌም የሚገርመኝ አማርኛ መሬትንም በዚሁ ዐይን ማየቱ ነው። ተራራ አናት አለው። ጎን፣ ወገብ፣ ጀርባ አለው። ዋሻ አፍ አለው። ወደ ባሕር ዘልቆ የገባ መሬት «ልሳነ ምድር» ይባላል፤ የምድር ምላስ። ዓለምን እኩል ለሁለት የሚከፍለው መስመር «የምድር ወገብ» ነው። «ግርጌ»ን ደግሞ ልብ ብለው ይዩልኝ። ራስጌና ግርጌ የመኝታ ቃላት ናቸው። አንዱ ራስ የሚያርፍበት ነው፣ ሌላው እግር። «ከተራራው ግርጌ» ባልን ቁጥር ተራራው ተኝቷል ማለት ነው፤ እግሩን ወደ ሜዳው ዘርግቶ። ማንም ይህን አስቦ አይናገርም። ቃሉ ግን ዛሬም ይህን ሥዕል ተሸክሞ ይዞራል።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄዎ ልምጣ። መልክ አብሮ የሚወለድ ነገር ነው ብለን እናስብ ይሆናል። አነጋገራችን ግን እንዲህ አይልም። «ሥራው መልክ እየያዘ ነው» እንላለን። «ይህን ነገር መልክ አስይዘው» እንላለን። «ከተማው መልኩን ቀየረ» እንላለን። በአማርኛ መልክ ይሰጣል፣ ይያዛል፣ ይለወጣል። እጅ ያለበት ነገር ነው። ስለዚህ ምድርም መልክ የሚሰጣት ሰው ቢኖር ከቋንቋው ጋር የሚጣላ ነገር የለውም።

ኮንሶን ይውሰዱ። በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው በ2011 እ.ኤ.አ. ነው፣ እሱም በባህላዊ መልክዐ ምድርነት። ደረቅና ወጣ ገባ የሆነ ምድር ነው። ሕዝቡ ከአራት መቶ ዓመት በላይ ድንጋይ እየካበ እርከን ሠርቶበታል። አንዳንዱ ካብ እስከ 5 ሜትር ይደርሳል። እርከኑ አፈሩን ይይዛል፣ ውሃውን ያቆያል፣ የተረፈውን በልክ ያሳልፋል። ዛሬ ያንን አገር ቆመው ቢያዩት «ተፈጥሮ እዚህ ላይ አበቃ፣ የሰው ሥራ እዚህ ጋ ጀመረ» ብለው መስመር ማስመር አይችሉም። ኮረብታው የተፈጥሮ ነው። መልኩ ግን የኮንሶዎች ነው።

ጌዴኦ ደግሞ ከዚህም ይረቅቃል። እዚያ ረጃጅም ዛፎች ከላይ ያጠላሉ። ከሥራቸው እንሰት አለ። ከእንሰቱ ሥር ቡናና ሌላ ቁጥቋጦ ይበቅላል። ከሩቅ የሚያይ እንግዳ «ጫካ ነው» ብሎ ሊያልፍ ይችላል። ለባለቤቱ ግን ማሳ ነው፤ የተተከለ፣ የተጠበቀ፣ ከአባት የተወረሰ። አንድ ቦታ፣ ሁለት ስም። ስሙን የሚወስነው የተመልካቹ ዕውቀት ነው።

ጽንሰ ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ካርል ሳወር የተባለ አሜሪካዊ የጂኦግራፊ ምሁር በ1925 እ.ኤ.አ. ጉዳዩን በአጭሩ አስቀምጦታል። ሠሪው ባህል ነው፤ የተፈጥሮው ምድር የሚሠራበት ቁስ ነው፤ ባህላዊው መልክዐ ምድር ደግሞ ውጤቱ ነው ይላል። ዩኔስኮም ስያሜውን በ1992 እ.ኤ.አ. ከቅርስ ዓይነቶቹ ጋር አካተተው። ዜናው ላይ የሰሙት ቃል ከዚያ የመጣ ትርጉም ነው።

ግን እርስዎ «ሰው የሠራቸው አይደሉም» ያሉት ነገር ሳይመለስ እንዳይቀር። እውነትም ማንም ያልነካው ተራራ «ባህላዊ» የተባለበት ጊዜ አለ። በኒውዚላንድ ቶንጋሪሮ የሚባል የእሳተ ገሞራ ተራሮች ያሉበት ፓርክ አለ። በ1990 እ.ኤ.አ. በተፈጥሮ ቅርስነት ተመዘገበ። በ1993 ደግሞ በባህላዊ መልክዐ ምድርነት በድጋሚ ተመዘገበ፤ በዚህ ዘርፍ ከዓለም የመጀመሪያው ነው። በሦስት ዓመት ውስጥ ተራሮቹ አልተለወጡም። የአገሩ ነባር ሕዝብ የሆኑት ማኦሪዎች ቀድሞም የተቀደሱ ናቸው ብለው ያዩዋቸው ነበር። የተለወጠው መዝጋቢው ነው፤ የነሱን እይታ ቆጠረው። መልክ ያለ ተመልካች መልክ አይሆንምና።

የሚያየው ሰው የቆመበት ቦታ ቃልን እስከ መገልበጥ ይደርሳል። «ሰሜን»ን እንይ። የታሪክ ምሁሩ ሪቻርድ ፓንክረስት እንደሚሉት የቃሉ ጥንታዊ ትርጉም በግእዝ ደቡብ ነበር። ምክንያቱ ቀላል ነው። የሰሜን ተራሮች ከአክሱም ሲታዩ በስተደቡብ ናቸው። የመንግሥቱ ማዕከል በየዘመኑ ወደ ደቡብ ሲወርድ እነዚያው ተራሮች ከኋላ ቀሩ። ለአዲሱ ማዕከል አቅጣጫቸው ሌላ ሆነ፤ ቃሉም ተከትሎ ዞረ። ምሥራቅና ምዕራብ እንዲህ ያለ ጣጣ የለባቸውም። አንዱ ከ«ሠረቀ»፣ ሌላው ከ«ዐረበ» የመጡ ናቸው፤ የፀሐይ መውጫና መግቢያ። ፀሐይ ደግሞ ዋና ከተማ አይታ መንገድ አትቀይርም።

«ባህላዊ» የሚለው ቅጽል እንዳልጣመዎት ይገባኛል። ዛሬ ጆሯችን «ባህላዊ» ሲሰማ ያረጀ፣ ለበዓል የሚወጣ ነገር ይጠብቃል። «ሰው ሠራሽ መልክዐ ምድር» እንበል ይሆን? አይሆንም። ሰው ሠራሽ ሐይቅ፣ ሰው ሠራሽ ጠጉር እንላለን፤ በተፈጥሮው ፈንታ የገባ ምትክ ማለት ነው። የኮንሶ እርከን የምንም ምትክ አይደለም። ስለዚህ በስያሜነት «ባህላዊ መልክዐ ምድር» ይቆይ፤ በመዝገብም ገብቷል። እርስዎ በራስዎ ጽሑፍ ሲያብራሩት ግን «ሰው መልክ የሰጠው ምድር» ቢሉ አንባቢዎ ወዲያው ይገባዋል።

ከዚህ የበለጠ የሚያሳስበኝ ሌላ ቃል ነው፤ «ባዶ መሬት»። ጎጆና እርሻ ስላልታየበት ብቻ አንድን ሰፊ ሜዳ «ባዶ» ወይም «ጠፍ» ብለው የሚጽፉ ብዙ ናቸው። «ጠፍ» ከ«ጠፋ» ጋር ዝምድና ያለው ቃል ነው፤ ሰው የለቀቀው፣ ሳይታረስ የቀረ መሬት ነው። አርብቶ አደሩ በየወቅቱ ከብቱን እየነዳ የሚመለስበት ሜዳ ግን አልጠፋም። የግጦሹ ወር ይታወቃል፣ የውሃው ጉድጓድ ባለቤት አለው፣ መንገዱ ስም አለው። እባክዎ «ባዶ» ብለው ከመጻፍዎ በፊት «ለማን?» ብለው ይጠይቁ። «ግጦሽ»፣ «ሜዳ»፣ «ያልታረሰ መሬት» የሚሉ ቃላት አሉን። የሚታየውን ይናገራሉ፣ የሰው ይዞታ ግን አይሰርዙም።

የጂኦግራፊው ነገር ብዙም አያስቸግርም። «ጂኦግራፊ» ከግሪክ የመጣ ነው፤ ምድርን መጻፍ፣ መግለጽ እንደማለት። «መልክዐ ምድር» የሚታየው ነገር ነው፣ «ጂኦግራፊ» ስለዚያ ነገር የሚማሩት። መምህርዎ አልተሳሳቱም። ቃሉ ለትምህርቱም ሲያገለግል ኖሯል፤ ዛሬም እንዲህ የሚጽፉበት አሉ። እኔ ግን ሁለቱን ብንለያቸው እመርጣለሁ። ለትምህርቱ «ጂኦግራፊ»፣ ለሚታየው «መልክዐ ምድር»። ስለ ከፍታና ዝቅታ ብቻ ሲያወሩ ደግሞ «የመሬት አቀማመጥ» ይበቃል። «መልክዐ ምድራዊ አቀማመጥ» እያሉ ማርዘሙ ለጽሑፍ ክብደት አይጨምርም።

የቀረን አጻጻፉ ነው። ቤት «ቤተ መንግሥት»፣ ሕግ «ሕገ መንግሥት» እንደሚሆነው «መልክዕ»ም ሲናበብ የመጨረሻው ፊደል ከ«ዕ» ወደ «ዐ» ይዞራል፤ «መልክዐ»። እርስዎ እንደጻፉት በ«ዓ» የሚጽፉት ይበዛሉ፤ በአማርኛ ድምፁ አንድ ስለሆነ አልከራከርም። «ክ»ን ወደ «ከ» ቀይሮ «መልከዓ» ማለት ግን ስሕተት ነው። «መልካ» ደግሞ ጨርሶ ሌላ ቃል ነው። በኦሮምኛ የወንዝ መሻገሪያ ማለት ነው፤ በብዙ የቦታ ስሞች ውስጥ ያገኙታል። «መልካ ምድር» ብሎ የጻፈ ሰው ከምድር መልክ ወጥቶ ወንዝ ዳር ደርሷል።