ጦርህን ከመወጠርህ በፊት

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የምኖረው ማያሚ ነው። በቅርቡ ውኃ ውስጥ ዓሣ በጦር መውጋት ጀምሬያለሁ። ባለፈው ሰሞን ጠላቂ የሚበዛበት ሪፍ (ባሕር ውስጥ ዓሣ የሚሰባሰብበት ድንጋያማ ቦታ) ላይ ግሩፐር የሚባል አንድ ትልቅ ዓሣ ወግቼ ስወጣ፣ ሰዎቹ በዓይናቸው ሊበሉኝ ደረሱ። ፈቃድ አለኝ እኮ! ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ፈቃዱ ከግልምጫ አያድንህም። መጀመሪያ ቦታውን አጣራ። ፍሎሪዳ ውስጥ ከሕዝብ መዋኛ ዳርቻ ወይም ዓሣ ከሚጠመድበት ድልድይ በ100 ያርድ ርቀት ውስጥ በጦር መውጋት ክልክል ነው። ኪ ላርጎ ደሴት ጋ ባለው የጆን ፔኔካምፕ የባሕር ፓርክም እንዲሁ።

የተፈቀደበት ቦታ ላይ ደግሞ ይሉኝታ አለ። ሪፉ ላይ ጠላቂዎች ካሉ ጦርህን አትወጥር (የሚያስወነጭፈውን ላስቲክ ስበህ አታዘጋጅ)፤ እስኪወጡ ጠብቅ ወይም ራቅ በል። ውኃው ሲደፈርስ ከዓሣው ኋላ ሰው መኖሩ አይታይም፤ ጦሩ ደግሞ ዓሣውን በስቶ ሊያልፍ ይችላል። ጀልባ ላይም የተወጠረ ጦር ይዘህ እንዳትወጣ። ከታች ጠላቂ እንዳለ የሚያሳውቀው፣ ነጭ ሰያፍ መስመር ያለው ቀይ ባንዲራም ከላይ ይውለብለብ።

ያ ግሩፐርስ? ጠላቂ የሚመላለስበት ሪፍ ላይ ያለ ዓሣ እንደ ሰፈር ውሻ ሰው ይለምዳል፤ አይሸሽም። አንዳንድ ጠላቂዎች እሱን ሊያዩ ነው ገንዘብ ከፍለው የሚመጡት። እሱን መውጋት ምኑ ጀግንነት ነው? ጎልያድ ግሩፐር የሚባለው ዝርያ ከሆነማ በጦር መውጋቱ ራሱ በሕግ ያስጠይቃል።

መውጋት ካማረህ፣ መውጋት በተፈቀደበት ቦታ ላየንፊሽ የሚባለውን ዓሣ ፈልግ። ከሌላ ውቅያኖስ የመጣ ወራሪ ነው፤ የሪፉን ትንንሽ ዓሦች ይጨርሳል። ያኔ የገላመጡህ ሰዎች ራሳቸው ያጨበጭቡልሃል። እሾሁ ግን መርዛም ነው፤ በእጅህ እንዳትነካው።