ወደ ውጭ ሀገር የሕፃናት ትምህርት ቤት ስለሚደረግ መንፈሳዊ ጉዞ

ጥያቄ፦ በደብረ ማርቆስ ከተማ የአንድ አጥቢያ ሰንበት ትምህርት ቤት አባል ነኝ። ዐሥር የምንሆን ወጣቶች በመጪው ነሐሴ፣ ጾመ ፍልሰታ እንደ ተፈታ፣ ወደ ኬንያ ሄደን ከናይሮቢ ወጣ ብሎ የሚገኝ የችግረኛ ልጆች ትምህርት ቤትና የአካባቢውን ሕዝብ ለመጎብኘት፣ ልብስና ደብተር ለማደል አስበናል። አንዳንድ አባቶች ግን «የአብነት ተማሪው በደጃችን እየተራበ ድንበር ተሻግሮ መመጽወት ተገቢ አይደለም» ይሉናል። መሄዳችን ስሕተት ነውን? ልጆቹንስ ሃይማኖታችንን ማስተማርና ማስጠመቅ እንችላለን?

መልስ፦ እኅታችን፣ መሄዳችሁ ስሕተት አይደለም፤ ነገር ግን ማን እንደሚልካችሁና ማን እንደሚቀበላችሁ አስቀድሞ ሊታወቅ ይገባል። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 13 እንደ ተጻፈው በርናባስና ሳውል ከአንጾኪያ የወጡት ቤተ ክርስቲያን ጾማ፣ ጸልያና እጅ ጭና ስለ ላከቻቸው ነው። ስለዚህ ሐሳባችሁን ለደብሩ አስተዳዳሪና ለሰበካ ጉባኤው አቅርቡ፤ በሀገረ ስብከቱም በኩል ናይሮቢ ላለችው አጥቢያችን ደብዳቤ ይጻፍላችሁ። በዚያ የሚኖሩት ካህናትና ምእመናን ያንን ሕዝብ ከእናንተ ይልቅ ያውቁታል። ለእኛም የጵጵስናን በረከት ያመጣልን ፍሬምናጦስ ከጢሮስ የመጣ እንግዳ ነበር፤ ይሁን እንጂ በእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት በቅዱስ አትናቴዎስ እጅ ተሹሞ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ከመባሉ በፊት ከልጅነቱ ጀምሮ በአክሱም ኖሮ የሀገሩን ሰው ጠባይ አውቆ ነበር። ለጥቂት ቀናት የሚሄድ ሰው ይህን ያህል ማወቅ አይችልምና አስተማሪ ከመሆን ይልቅ ጠያቂና አድማጭ መሆን ይሻለዋል።

የአባቶችን ቃል በቀላሉ አትለፉት። ሐዋርያው «ለሰው ሁሉ ይልቁንም ለሃይማኖት ቤተ ሰዎች መልካም እናድርግ» ብሏል፤ ጌታችንም ምስክርነቱን ከኢየሩሳሌም አስጀምሮ እስከ ምድር ዳር አድርሶታል። በጎጃም ባሉት የቅኔ ጉባኤ ቤቶች፣ በዋሸራ፣ በጎንጅ፣ በዲማ ጊዮርጊስና በደብረ ኤልያስ፣ ቅኔ የሚቆጥረው የአብነት ተማሪ ዛሬም ደበሎ የሚባለውን የበግ ቆዳ ለብሶ፣ አኩፋዳ የሚባለውን የቁራሽ መያዣውን አንግቶ በየደጃፉ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። እርሱን አልፎ ሩቅ መሄድ በእርግጥ ያሳፍራል። ነገር ግን ይኸው ተማሪ ራሱ ከጎንደር፣ ከወሎ፣ ከሸዋ የመጣ የሰው ልጅ አይደለምን? የጎጃም እናት ቁራሹን ስትሰጠው «የማን ሀገር ልጅ ነህ?» ብላ አትከለክለውም፤ የቅኔው ጉባኤ ለዘመናት የቆየው በእንዲህ ያለው እንግዳ ተቀባይነት ነው። የመቄዶንያ ምእመናንም ድኾች ሳሉ በኢየሩሳሌም ላሉ ቅዱሳን ገንዘብ አዋጥተዋል፤ ይህንንም ቅዱስ ጳውሎስ በሁለተኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 8 ያመሰግነዋል። ስለዚህ አንዱን ምጽዋት በሌላው ላይ አታስነሡ፤ ከሚሰበሰበው ገንዘብ ላይ ከመነሻው ለአንድ የአብነት ትምህርት ቤት ድርሻ ለዩ። የዐሥር ሰው መጓጓዣና ማደሪያ ለልጆቹ ከሚደርሰው ስጦታ የሚበልጥ ከሆነ ግን፣ እንደ እኔ ሐሳብ፣ ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ብቻ ሄደው የቀራችሁት በጸሎትና በመዋጮ ብትተባበሩ ይበልጥ ተገቢ ነው።

የመረጣችሁት ወር ደግሞ ያን ያህል አይመችም። የኬንያ ትምህርት ቤቶች ዓመቱን በእነርሱ አቆጣጠር በጃንዋሪ ጀምረው በሦስት ክፍለ ጊዜ ስለሚያስተምሩና የኦገስትን አብዛኛውን ክፍል ስለሚያርፉ፣ ፍልሰታ ተፈትቶ ስትደርሱ ትምህርቱ ገና ያልተከፈተ ወይም ገና የተጀመረ ሊሆን ይችላል። ልብስም ከዚህ ጭናችሁ አትሂዱ፤ በዚያ ተማሪዎች የየትምህርት ቤታቸውን መለያ ልብስ ይለብሳሉና፣ የሚያስፈልገውን ርእሰ መምህሩን ጠይቃችሁ ከዚያው ገበያ ብትገዙ የአካባቢው ነጋዴም ይጠቀማል። ስጦታውን መምህራኑ በስማቸው ጠርተው ይስጧቸው እንጂ እንግዶች በሰልፍ አቁመው አያድሏቸው። ጌታ «ቀኝህ የምትሠራውን ግራህ አትወቅ» ሲል ይህን ከልክሏል፤ ወላጆቹ ያልፈቀዱትን ልጅ ፎቶግራፍ አንሥቶ ችግሩን በማኅበራዊ መገናኛ ማሳየትም የልጁን ክብር መንካት ነው። ያ ልጅ በእግዚአብሔር አርአያ የተፈጠረ ነውና።

ማስጠመቅን በተመለከተ መልሴ አጭር ነው፤ አይገባም። ጥምቀት የካህን አገልግሎት ነው፤ ሕፃንም ያለ ወላጆቹ ፈቃድና ያለ ክርስትና አባት ወይም እናት ኃላፊነት አይጠመቅም። ከዚያም በላይ ደብተርና ምግብ ይዞ የመጣ ሰው በዚያው እጁ ሃይማኖት ቢያቀርብ፣ ድኻው እምቢ ለማለት አይችልምና የተቀበለው በእምነት ይሁን በችግር አይለይም። «በከንቱ የተቀበላችሁትን በከንቱ ስጡ» ተብለናል። ስለ እምነታችሁ የሚጠይቃችሁ ሰው ካለ ግን አትደብቁ፤ ቅዱስ ጴጥሮስ እንዳስተማረን በየዋህነትና በፍርሃት መልሱለት፤ ማወቅ የሚፈልግም ከሆነ በናይሮቢ ካሉት ካህናት ጋር አገናኙት፤ እናንተ ስትመለሱ እነርሱ አብረውት ይኖራሉና።

ገንዘቡን የሚይዙ ሁለት ሰዎች በጉባኤ ይመረጡ፤ ቅዱስ ጳውሎስም ስለ ልግስናው ነቀፋ እንዳይመጣ ሌሎች ወንድሞችን ከቲቶ ጋር ልኳል። ስትመለሱ ሒሳቡንም ያያችሁትንም፣ የተቃወሟችሁ አባቶች ባሉበት፣ ለምእመናኑ ተናገሩ። ጊዜውን በግንቦት ብታደርጉት ትምህርት ቤቱ ክፍት ይሆናል፤ ከትንሣኤ በኋላ ባሉት ሃምሳ ቀናት፣ በበዓለ ሃምሳ ውስጥ፣ ከዋለም ጾም ስለማይኖር አስተናጋጆቻችሁ ለምግባችሁ አይቸገሩም።